ለክሊንሩም የሮቦት ግሪፐር ስትመርጡ ከጣቱ ጫፍ ጀምሩ

ግሪፐር የሮቦት እጅ ነው። ክንዱ ይንቀሳቀሳል፤ ዕቃውን የሚይዘው፣ የሚያነሣውና የሚያስቀምጠው ግን ግሪፐሩ ነው። በተራ ፋብሪካ ውስጥ ግሪፐር በጉልበቱ፣ በፍጥነቱና በዋጋው ይመረጣል። ቺፕ በሚመረትበት ወይም የስልክ ካሜራ በሚገጣጠምበት ክሊንሩም (አየሩ ከብናኝ እየተጣራ በሚጠበቅ ክፍል) ውስጥ ግን ከሁሉም የሚቀድም ጥያቄ አለ። ይህ ግሪፐር ሲሠራ ከራሱ ላይ ምን ይረግፋል? የረገፈውስ የት ያርፋል?

አብዛኛው ሰው ምርጫውን የሚጀምረው ካታሎግ ከፍቶ «አይኤስኦ 5» የሚል የንጽሕና ደረጃ ምልክት በመፈለግ ነው። እኔ የምመክረው ከሌላኛው ጫፍ መጀመርን ነው። መጀመሪያ ምርቱን የሚነካውን ነጥብ ወስኑ። ከዚያ ወደ ጣቱ፣ ወደ ውስጡ፣ ወደ ገመዱ እያላችሁ ሂዱ። ሰርተፊኬቱን የምታዩት መጨረሻ አካባቢ ነው። ሰርተፊኬቱ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጣቱ ጫፍ ምንም አይናገርም፤ ምርቱን የሚነካው ደግሞ እሱ ነው።

ይህን የምጽፈው ቂርያት ጋት፣ ድሬስደን ወይም ቻንድለር ባሉ የቺፕ ፋብሪካዎች ለሚሠሩ ቴክኒሺያኖችና ኢንጂነሮች ነው። አገር ቤት ስልክና ኤሌክትሮኒክስ የሚገጣጥም መስመር ለማሻሻል ለምታስቡም ይሆናል። የሚፈለገው የንጽሕና መጠን ይለያያል፤ አካሄዱ ግን አንድ ነው።

1. ዕቃው ምን እንደማይወድ ጻፉ

አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። ዕቃው ስንት ይመዝናል? ውፍረቱ ስንት ነው? የት ቢነካ ችግር የለውም? የት ፈጽሞ መነካት የለበትም? ስንት ዲግሪ ሙቀት ይዞ ይመጣል? ስታቲክ ኤሌክትሪክ ምን ያህል ይጎዳዋል?

300 ሚሊሜትር ዌፈርን፣ ማለትም ቺፖች የሚሠሩበትን ክብ የሲሊከን ሳህን፣ እንውሰድ። ውፍረቱ 775 ማይክሮሜትር፣ ክብደቱ 128 ግራም ገደማ ነው። ቀላል ነው፤ ግን ቶሎ ይሰበራል። ሰርኪዩቱ የሚሠራበት የፊቱ ገጽ በምንም ዓይነት አይነካም። የሚፈቀደው ጠርዙ ነው፤ እሱም ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ።

የጀርባውን ጉዳይ ብዙ ሰው ያቃልለዋል። «ከታች ነው፣ ማን ያየዋል» ይባላል። ነገር ግን ሰርኪዩቱን በብርሃን የሚያትመው ማሽን ዌፈሩን የሚያስተኛው በጀርባው ነው። ከሥር አንድ ብናኝ ከተቀረቀረ ዌፈሩ እዚያ ቦታ ላይ ትንሽ ከፍ ይላል። የሚታተመው ምስልም ከፎከስ ይወጣል። ስለዚህ ጀርባውን በቫኪዩም፣ ማለትም አየር በመሳብ፣ የሚይዝ ግሪፐር የሚተወው አሻራም ይቆጠራል።

ኤሌክትሮኒክስ መገጣጠም ላይ ነገሩ እንደ ዕቃው ይለያያል። ሰርኪዩት ቦርድ ዳር ዳሩ ላይ ባዶ ቦታ ካለው በሁለት ጣት በቀላሉ ይያዛል። ከዌፈር ተቆርጦ የወጣ ነጠላ ቺፕ ግን 50 ማይክሮሜትር ብቻ ሊወፍር ይችላል። እሱን በጣት ልያዝ ማለት መስበር ነው። የካሜራ ሞጁል ደግሞ ይቅር አይልም። ሴንሰሩ ላይ ያረፈች አንዲት ብናኝ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ነጥብ ሆና ትወጣለች።

2. ግሪፐሩ በትክክል የት እንደሚሠራ እወቁ

የክሊንሩም አየር ደረጃ የሚወጣለት በአይኤስኦ 14644-1 ነው። ደረጃዎቹ ከ1 እስከ 9 ናቸው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ንጽሕናው ይጨምራል። በአይኤስኦ 5፣ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 0.5 ማይክሮሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑ ብናኞች ከ3,520 መብለጥ የለባቸውም። በአይኤስኦ 7 እስከ 352,000 ይፈቀዳል። በአይኤስኦ 3 ግን 35 ብቻ ነው። አሁንም «ክላስ 100»፣ «ክላስ 10,000» የሚል ጽሑፍ ያጋጥማችኋል። እሱ የአሜሪካ የድሮ መለኪያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ተሽሯል። ክላስ 100 ከአይኤስኦ 5፣ ክላስ 10,000 ከአይኤስኦ 7 ጋር ይመጣጠናል።

የአዳራሹ ደረጃና ግሪፐሩ የሚሠራበት ቦታ ደረጃ ግን አንድ ላይሆን ይችላል። በዛሬ ፋብሪካዎች ዌፈሮች ፉፕ በሚባል ዝግ ሳጥን ውስጥ፣ እስከ 25 ሆነው ይጓዛሉ። ሮቦቱ ከሳጥኑ የሚያወጣቸው ማሽኑ አፍ ላይ ባለች፣ የራሷ የአየር ማጣሪያ ባላት ትንሽ ዝግ ክፍል ውስጥ ነው። ያቺ ክፍል ከአዳራሹ በብዙ ትነጻለች። ግሪፐሩ እዚያ የሚገባ ከሆነ በእሷ ደረጃ ምረጡት። በተቃራኒው ሥራው የተዘጋ ፉፕ ከቦታ ቦታ ማንሣት ብቻ ከሆነ፣ ለዌፈር የሚሆን ውድ ግሪፐር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

አንዳንዱ ግሪፐር ደግሞ አየር የሌለበት ቫኪዩም ቻምበር ውስጥ ይገባል። እዚያ በመሳብ መያዝ አይቻልም፤ የሚገፋ የውጭ አየር የለምና። በክብደቱና በሰበቃ፣ በጠርዝ ወይም በኤሌክትሮስታቲክ ኃይል ነው የሚያዘው። ይህን ቀድማችሁ ካላወቃችሁ ከታች ያለው ምርጫ ሁሉ ይበላሻል።

3. አያያዙን ምረጡ

ለዌፈር ሦስት መንገዶች በብዛት ይሠራባቸዋል። የመጀመሪያው ከሥር ገብቶ በቫኪዩም መያዝ ነው። ቀጭን፣ ፈጣንና አስተማማኝ ነው። ጉዳቱ ጀርባውን መንካቱ ነው። ደግሞም ቫኪዩም በዙሪያው ያለውን አየር ይስባል፤ አየሩ የያዘው ብናኝ ዌፈሩ የተነካበት ቦታ ላይ ይቀራል።

ሁለተኛው ጠርዝ መያዝ ነው። ዌፈሩ በጥቂት ነጥቦች ላይ ብቻ ያርፋል፤ አንድ ትንሽ ገፊ ከኋላ መጥቶ ወደ ፊት መደገፊያዎች ያስጠጋዋል። ፊትም ጀርባም አይነካም። ንጽሕና ከሁሉም በላይ በሚጠበቅበት ቦታ የኔ ምርጫ ይሄ ነው። ነገር ግን የሚንቀሳቀስ ገፊ አለው፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ደግሞ ይሰበቃል፣ ያልቃል። ገፊው ዌፈሩን ቀስ ብሎ መንካቱን፣ ካልያዘም ሴንሰሩ ወዲያው መናገሩን በዓይናችሁ አይታችሁ አረጋግጡ።

ሦስተኛው የበርኑሊ ግሪፐር ነው። በኃይል የሚወጣ ጋዝ በዕቃውና በግሪፐሩ መካከል ሲያልፍ ዝቅተኛ ግፊት ይፈጥራል። ዕቃው ሳይነካ ይንሳፈፋል። ለቀጫጭን ዌፈርና ለሶላር ሴል ጥሩ ነው። ግን ጋዝ ይነፋል። የተነፋው ጋዝ አካባቢ ላይ የተቀመጠ ብናኝ ሊያስነሣ ይችላል። ዕቃው ወደ ጎን እንዳይንሸራተትም የጠርዝ መደገፊያ ያስፈልገዋል። ስለዚህ «ምንም አይነካም» የሚለውን የሻጭ ቃል ሙሉ በሙሉ አትውሰዱት።

ለቦርድ፣ ለሞጁልና ለመያዣ ትሪ ባለ ሁለት ጣት ግሪፐር ይበቃል። ለጥቃቅን ክፍሎች ደግሞ ትንሽ የቫኪዩም አፍንጫ ነው የሚሻለው።

በቫኪዩም የምትይዙ ከሆነ የአለቃቀቁን ነገር አትርሱ። ዕቃው ቶሎ እንዲለቅ ትንሽ አየር እፍ ይደረጋል። ያ አየር በቀጥታ ምርቱ ላይ ነው የሚነፋው። ግሪፐሩ አጠገብ ማጣሪያ ይኑረው፤ ግፊቱም ዝቅ ይበል። ቫኪዩሙ የሚፈጠረው በታመቀ አየር በሚሠራ ኢጀክተር ከሆነ፣ ጭስ ማውጫው ክፍሉ ውስጥ መተንፈስ የለበትም። በቱቦ ወደ ውጭ ይውጣ።

4. የሚነካው ጫፍ ከምን እንደተሠራ ጠይቁ

እዚህ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ ሥሩ። ከማየው ሁሉ ብዙ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ነው።

ግሪፐር ስትገዙ ብዙ ጊዜ ጣቶቹን ወይም የጣቶቹን ሽፋን ራሳችሁ ታሠራላችሁ። ሰርተፊኬት ያለው ዋናው አካል ነው። ጣቱ ላይ የአካባቢ ወርክሾፕ የለጠፈው ጎማ ሰርተፊኬቱ ውስጥ የለም። ውድ ግሪፐር ተገዝቶ፣ ምርቱን የሚነካው ግን ማንም ያልፈተሸው ጎማ ሆኖ ይገኛል።

ከሁሉ በፊት ሲሊኮን ጎማን አውጡ (ዌፈሩ የሚሠራበት ሲሊከን ሌላ ነው)። ለስላሳ ነው፣ ዕቃ አይቧጭርም፣ ሙቀትም ይችላል። ለዚህ ነው ሰው የሚወደው። ነገር ግን ሲሎክሴን የሚባሉ ውህዶችን ይተነፍሳል። እነዚህ በአየር ሄደው ገጽ ላይ ይቀመጣሉ። የተቀመጡበት ቦታ ላይ ማጣበቂያና ቀለም በደንብ አይዝም። ሌንስ ላይ ጉም ይፈጥራሉ። ኤሌክትሪክ በሚያገናኝ ነጥብ ላይ ብልጭታ ሲያገኛቸው ወደማያስተላልፍ ንጣፍ ይለወጣሉ። ችግሩ የሚታየው ደግሞ በኋላ ነው። ማን እንዳመጣው መፈለግ አሳር ነው።

በምትኩ ለጎማ ክፍሎች ፍሎሪን ያለበት ጎማ (ፍሎሮኤላስቶመር)፣ በተለይ ኤፍኬኤም፣ ለከባድ ኬሚካልና ለሙቀት ደግሞ ፐርፍሎሮኤላስቶመር ይሻላል። ለጠንካራ ጫፍ ፒክ የሚባለው ፕላስቲክ በብዛት ይሠራበታል። በቀላሉ አያልቅም፣ ትንፋሹ ትንሽ ነው፣ እስከ 250 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ለረጅም ጊዜ ይሠራል። ከምድጃ የወጣ ዌፈር ከዚያ በላይ ከሞቀ ግን ወደ ሴራሚክ ወይም ኳርትዝ ሂዱ። የአሉሚናና የሲሊከን ካርባይድ ሴራሚክ ጠንካራና ንጹሕ ነው። ጉዳቱ ውድነቱና ቢጋጭ መሰበሩ ነው።

ብረቶቹንም ፈትሹ። መዳብ ሲሊከን ውስጥ በፍጥነት ይሰርጋል፤ ትራንዚስተሩን ያበላሻል። ዚንክም አይፈለግም። ናስ የሁለቱ ቅይጥ ነውና እሱም ይውጣ። ዚንክ የተነከረ ብሎን ከታየ በስቴንለስ ይቀየር። የግሪፐሩ አካል አኖዳይዝድ (ገጹ በኦክሳይድ ንጣፍ የተሸፈነ) አሉሚኒየም፣ ኒኬል የተለበጠ ወይም ስቴንለስ ይሁን። ቀለም የተቀባ ክፍል አትቀበሉ፤ ቀለም ይላጣል።

ለፋብሪካ ሰዎች አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። መዳብ ያለበትን ዌፈር የነካ ግሪፐር፣ መዳብ ወዳልደረሰበት ዌፈር መመለስ የለበትም። ሁለቱን መስመር ለየብቻ ያዙ፤ መለዋወጫውንም በቀለም ወይም በምልክት ለዩት። ከሰው እጅ የሚመጣው ላብም ሶዲየም አለው። ሶዲየም የትራንዚስተሩን ቀጭን መከላከያ ንጣፍ የሚያውክ ነው። ስለዚህ የግሪፐሩ ጫፍ በጓንት እንጂ በባዶ እጅ አይነካም፤ መጋዘን ውስጥም ቢሆን።

5. ስታቲክ ኤሌክትሪክን አብራችሁ ፍቱ

ስታቲክ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ቺፑን ያቃጥላል። ብናኝም ይስባል፤ ቻርጅ የያዘ ዌፈር በአጠገቡ የሚያልፈውን ብናኝ ወደ ራሱ ይጎትታል።

ብዙ ሰው መፍትሔው ጣቱን ከብረት መሥራትና ኧርዝ ማድረግ (በሽቦ ከመሬት ጋር ማገናኘት) ይመስለዋል። ግማሹ እውነት ነው። ግሪፐሩ ኧርዝ መሆን አለበት። ችግሩ ቻርጅ የያዘ ቺፕ እርቃኑን ያለ ብረት ሲነካው፣ ቻርጁ በናኖሰከንድ ውስጥ ይፈሳል። ያ ድንገተኛ ፍሰት ነው ቺፑን የሚገድለው። በሮቦት መስመር ላይ ዋናው የስታቲክ አደጋ ይሄኛው ነው።

የሚፈለገው ቻርጁን ቀስ አድርጎ የሚያፈስ ጫፍ ነው። በስታቲክ መመዘኛዎች «ቀስ ብሎ አፍሳሽ» የሚባለው ማቴሪያል ሬዚስታንሱ ከ10 ሺህ ኦም እስከ 100 ቢሊዮን ኦም ያለው ነው። ከዚያ በታች ያለው በነፃነት ያስተላልፋል፤ በላይ ያለው ቻርጁን አምቆ ይይዛል። ተራው ፒክ ያምቃል። ስለዚህ ካርቦን የተቀላቀለበትን፣ ለስታቲክ ተብሎ የተሠራውን ዓይነት ነው የምታዙት። እዚያም ላይ ጠንቀቅ በሉ። ካርቦኑ ከበዛ ማቴሪያሉ ወደ አስተላላፊነት ይጠጋል፤ ጥራቱ ካነሰም ሲያልቅ ጥቁር ዱቄት ይጥላል።

ከገዛችሁ በኋላ ራሳችሁ ለኩ። ከጣቱ ጫፍ እስከ ኧርዙ ነጥብ ያለውን ሬዚስታንስ መዝግቡ። በመካከል ያለው ኩሽኔታ ወይም አኖዳይዝ የተደረገ አሉሚኒየም መንገዱን ሊቆርጠው ይችላል፤ አኖዳይዝ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ብዙ ጊዜ ትንሽ የኧርዝ ሽቦ ከጣት ወደ አካሉ መጨመር ግድ ይላል። ዕቃው ራሱ ፕላስቲክ ወይም መስታወት ከሆነ ግን ኧርዝ አይረዳውም። እዚያ ኢዮናይዘር፣ ማለትም ቻርጁን የሚያጠፋ አየር የሚልክ መሣሪያ፣ ያስፈልጋል፤ አየሩ የግሪፐሩን ጥላ አልፎ ዕቃው ላይ መድረሱንም አረጋግጡ።

6. ውስጡን እዩ

በኤሌክትሪክና በአየር በሚሠራ ግሪፐር መካከል ስትመርጡ፣ ለክሊንሩም ኤሌክትሪኩን አስቀድማለሁ። በየጊዜው የሚተነፍሰው አየር የለውም፤ ጉልበቱንና ፍጥነቱን በቁጥር ማስተካከል ይቻላል። ብሩሽ የሌለው ሞተር መሆኑን ጠይቁ፤ የካርቦን ብሩሽ ሁልጊዜ ዱቄት አለው። በአየር የሚሠራው ግን ቀላል፣ ርካሽና ጠንካራ ነው። እሱን ከመረጣችሁ ለክሊንሩም የተሠራውን ዓይነት ውሰዱ። ከውስጡ የሚፈጠረውን ብናኝ በቫኪዩም የሚስብ ቀዳዳ ይኖረዋል። ያንን ቀዳዳ ከቫኪዩም መስመር ጋር ሳያገናኙ መተው የተለመደ ስንፍና ነው፤ ያኔ የገዛችሁት ተራ ግሪፐር ሆነ ማለት ነው።

የሚገባውም አየር ንጹሕ ይሁን። የታመቀ አየር ጥራት በአይኤስኦ 8573-1 ይገለጻል። በዘይት ክላስ 1 ማለት በሜትር ኩብ ከ0.01 ሚሊግራም ያልበለጠ ዘይት ነው። ከኮምፕሬሰሩ የሚመጣው አየር ይህን የማያሟላ ከሆነ ግሪፐሩ ምንም ያህል ቢነጻ ዋጋ የለውም።

ግሪሱን በስም ጠይቁ። ተራ ግሪስ ይተናል፣ ይረጫል። ለክሊንሩምና ለቫኪዩም የሚመረጠው ፒኤፍፒኢ የሚባለው ፍሎሪን ያለበት ቅባት ነው። ጥገና ላይ ያለ ሰው «ግሪስ ግሪስ ነው» ብሎ ሌላ እንዳይቀባ፣ የግሪሱን ስም ግሪፐሩ መመሪያ ላይ በትልቁ ጻፉ።

ገመዱ ደግሞ የተረሳ ጠላት ነው። ሮቦቱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ገመድ ከገመድ ይፋተጋል። ለክሊንሩም የተሠራ ጠፍጣፋ ገመድ ወይም የታሸገ ሽፋን ተጠቀሙ። ቢቻል በክንዱ ውስጥ አሳልፉት።

7. ጉልበቱን በልኩ አድርጉ

ከመጠን ያለፈ ጉልበት ዕቃ ይሰብራል፤ ጫፉንም ቶሎ ይጨርሳል፣ ስለዚህ ብናኝ ይጨምራል። 300 ግራም ቦርድ በሁለት ጣት ይያዝ እንበል። ሮቦቱ ወደ ላይ በ5 ሜትር በሰከንድ ካሬ ይነሣል። 9.81ን (የመሬት ስበት) ከ5 ጋር ደምሩና ድምሩን በ0.3 ኪሎ አባዙት፤ 4.4 ኒውተን ገደማ ይመጣል። የሰበቃው ቁጥር 0.2 ከሆነ 4.4ን ለ0.2 አካፍሉት፤ 22 ይመጣል። ለሁለቱ ጣቶች ሲካፈል ለእያንዳንዱ ጣት 11 ኒውተን ያስፈልጋል። ለጥንቃቄ እጥፍ አድርጉት፤ 22 ኒውተን። 100 ኒውተን ግሪፐር መግዛት አያስፈልግም። ሮቦቱን ትንሽ ማዘግየት ደግሞ ጉልበቱንም ብናኙንም ይቀንሳል።

መብራት ቢጠፋ ወይም አደጋ ጊዜ ማቆሚያው ቢጫን ግሪፐሩ ዕቃውን አይጣል። በስፕሪንግ፣ ራሱን በሚቆልፍ ጥርስ ወይም በቫኪዩም ቫልቭ ይዞ መቆየት አለበት። ሲገጠም በእውነት አጥፍታችሁ ሞክሩት።

8. ነፋሱን እዩ

አውድማ ላይ እህል የሚያዘራ ሰው ላይዳውን ከማንሣቱ በፊት ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ያያል። ክሊንሩምም እንደዚያው ነው። በንጹሕ ቦታዎች ላይ የተጣራው አየር ከጣሪያ ወደ ወለል፣ ብዙውን ጊዜ በ0.45 ሜትር በሰከንድ አካባቢ፣ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ከምርቱ በላይ ያለ ማንኛውም የሚሰበቅ ነገር ብናኙን ምርቱ ላይ ያወርዳል።

ስለዚህ የግሪፐሩ ሞተር፣ ኩሽኔታና ገመድ ከምርቱ በታች ወይም ከጎኑ ይሁኑ። ዌፈር የሚይዙ ሮቦቶች ከሥር የሚገቡት በከፊል ለዚህ ነው። ከላይ መያዝ የማይቀር ከሆነ አካሉ ጠባብ ይሁን፤ አየሩ በዙሪያው እንዲያልፍ። ሰፊ ጠፍጣፋ አካል ከሥሩ የአየር ሽክርክሪት ይፈጥራል፤ ብናኝ እዚያ ይዞራል። ለማየት ቀላሉ ዘዴ ለክሊንሩም የሚፈቀድ የጭስ ወይም የውሃ ጉም ማመንጫ ተጠቅሞ ግሪፐሩ ሲንቀሳቀስ በቪዲዮ መቅረጽ ነው።

9. አሁን ሰርተፊኬቱን አንብቡ

የአይኤስኦ ደረጃ የሚሰጠው ለአየር ነው። ስለዚህ በጥብቅ ካየነው «አይኤስኦ 5 ግሪፐር» የሚባል ነገር የለም፤ አይኤስኦ 5 ክፍል ውስጥ ቢገባ የሚስማማ ግሪፐር ነው ያለው። ይህ መስማማት የሚመረመረው በአይኤስኦ 14644-14 ወይም በጀርመን ኢንጂነሮች ማኅበር መመሪያ ቪዲአይ 2083 ክፍል 9.1 መሠረት ነው። ሽቱትጋርት ያለው የፍራውንሆፈር አይፒኤ ተቋም በዚህ ምርመራ የታወቀ ነው።

ሻጩን ሙሉውን ሪፖርት ጠይቁት፤ የፊት ገጹ ብቻ አይበቃም። በምን ፍጥነት ነው የተፈተሸው? በምን ጉልበት? የተቆጠሩት ብናኞች ስንት ማይክሮሜትር ናቸው? አዲስ እያለ ነው ወይስ ብዙ ከሠራ በኋላ? ጣት ተገጥሞለት ነበር? እናንተ የምታሠሩት ከተፈተሸበት በፈጠነ ፍጥነት ከሆነ ውጤቱ ለእናንተ አይሠራም።

ከአይፒ ደረጃ ጋርም አታምታቱት። አይፒ 67 የሚነግራችሁ ውሃና አቧራ ወደ ውስጥ እንደማይገባ ነው። የክሊንሩም ጥያቄ ግን ምን ወደ ውጭ ይወጣል የሚል ነው። አይፒ 67 ሆኖ ከማኅተም ጎማው ላይ ብናኝ የሚያረግፍ ግሪፐር ሊኖር ይችላል። የትነት ጉዳይም ለብቻው ነው፤ የብናኝ ሰርተፊኬት ስለ ሲሎክሴን ምንም አይልም። ለእሱ አይኤስኦ 14644-15ን ጠይቁ።

10. ከመቀበላችሁ በፊት ራሳችሁ ፈትሹ

ግሪፐሩ ሁለት ፕላስቲክ ለብሶ ይምጣ። የውጩን ከመግቢያው ክፍል በፊት አውልቁ፤ የውስጡን ውስጥ ገብታችሁ። ብናኝ በማይጥል የፖሊስተር ጨርቅና በአይሶፕሮፒል አልኮል ጥረጉት። ጨርቁን አትመልሱት፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ጎትቱ።

ከዚያ ምርት ሳይነካ ለተወሰነ ጊዜ አሠሩት። አዲስ ዕቃ መጀመሪያ ላይ ብዙ ይጥላል፤ ገጾቹ ከተላመዱ በኋላ ይረጋጋል። ሲረጋጋ በብናኝ ቆጣሪ ለኩ። የተለመደው ቆጣሪ በደቂቃ 28.3 ሊትር አየር ይስባል። ለአይኤስኦ 5፣ በ0.5 ማይክሮሜትር ይህ በደቂቃ 100 ብናኝ ገደማ ማለት ነው። እሱ ግን ለክፍሉ ሁሉ የተፈቀደው ጣሪያ ነው፤ ግሪፐሩ ብቻውን እንዲጨርሰው አትፍቀዱ። መጀመሪያ ግሪፐሩ ቆሞ ለኩ፤ ቀጥሎ እየሠራ። ልዩነቱ ነው የግሪፐሩ ድርሻ። መምጠጫውን ከሚሰበቀው ክፍል በታች፣ አየሩ በሚወርድበት በኩል አስጠጉት።

ዌፈር ላይ ለምትሠሩ የመጨረሻው ፍርድ የሚሰጠው ዌፈሩ ነው። ባዶ ንጹሕ ዌፈር በስካነር ቁጠሩ። በግሪፐሩ ደጋግማችሁ አንሥታችሁ አስቀምጡት። መልሳችሁ ቁጠሩ፤ ፊቱንም ጀርባውንም። የተጨመረውን በእንቅስቃሴው ብዛት አካፍሉ። ስካነር ከሌላችሁ ጥቁር የተወለወለ መስታወት አስቀምጡና፣ ከሥራው በኋላ በጨለማ ብርቱ መብራት ከጎን አብሩበት። ቁጥር በትክክል አይሰጣችሁም፤ ትልልቁ ብናኝ የት እንደሚያርፍ ግን በደንብ ያሳያችኋል።

ይህን የመጀመሪያ ልኬት አስቀምጡት። በየጥገናው አወዳድሩ። ቁጥሩ ከፍ ማለት ሲጀምር ጫፉ እያለቀ ነው፤ እስኪሰነጠቅ አትጠብቁ። የጫፍ መለዋወጫ ከግሪፐሩ ጋር አብራችሁ እዘዙ፣ ታሽጎ ይቀመጥ።

ውሉ ላይ ደግሞ አንድ አንቀጽ አስገቡ። አቅራቢው የጫፉን ማቴሪያል፣ ግሪሱን ወይም የሥር አቅራቢውን ሲለውጥ አስቀድሞ በጽሑፍ ያሳውቅ። የክፍሉ ቁጥር ሳይቀየር ጎማው ሊቀየር ይችላል። ማሳወቂያው ሲደርሳችሁ የሬዚስታንሱንና የብናኙን ፈተና ከመጀመሪያው ድገሙ።